የወፍጮ ቤቱ ሙንተሲርና የሚወዳቸው ጩኸቶች

ፈሪ ነኝ። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ ሳይሆን ከጅምሩ እንዲታወቅልኝ ነው። ነጎድጓድ ያስደነግጠኛል፤ ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው ያስደነግጠኛል፤ ያለ ምክንያት የሚያለቅስ ውሻ ያስደነግጠኛል። ያለፉት ዓመታት ደግሞ ቆቦ ውስጥ ለፈሪ ሰው የሚመቹ አልነበሩም። የኖርነው በጆሯችን ነው። ተኩሱ ከሩቅ ነው ከቅርብ፣ በዋጃ በኩል ነው በሮቢት በኩል፣ አስፋልቱ ላይ የሚያልፈው የጭነት መኪና ነው ወይስ ሌላ ነገር፣ ይህን ሁሉ አዳምጠን ነው በር የምንዘጋውና ልጅ ወደ ውስጥ የምንጠራው። እንግዲህ ባሌ ጆሮው እየሄደ መሆኑን ስጠረጥር ምን ያህል እንደፈራሁ ለቆቦ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ባሌ ሙንተሲር ይባላል። ከገበያው ጀርባ ባለው የጋሼ አስፋው ወፍጮ ቤት ውስጥ እህል ይፈጫል። እኔ ኢኽላስ ነኝ፤ እዚያው መንገድ ላይ በረንዳ ተከራይቼ ልብስ እሰፋለሁ። አንዲት ልጅ አለችን፤ ስሟ ራዊያ ነው፤ ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷታል።

ይህ ሰው አንድ ጉድ አለበት፤ ሄቪ ሜታል የሚባለውን የፈረንጅ ሙዚቃ ይወዳል። ቆቦ ውስጥ ይህን ነገር የሚወድ ሌላ ሰው ካለ እስካሁን አልተናገረም። ከመጋባታችን በፊት ሮቢት አካባቢ ለመስኖ የሚሆን የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር ሙንተሲር በቀን ሠራተኝነት ገብቶ ነበር። የመቆፈሪያውን መኪና የሚያንቀሳቅሰው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ፀጉሩን እስከ ትከሻው ያወረደ ሰው ነበር። ጠዋት የከፈተውን ሙዚቃ ማታ ነው የሚዘጋው። መቆፈሪያው ድንጋይ ላይ ሲደርስ አጠገብህ የቆመ ሰው የሚልህ አይሰማም፤ ያ ሙዚቃ ግን ይሰማል። ሙንተሲር የተሸነፈው በዚህ ነው። ከማሽን ጋር ታግሎ የሚያሸንፍ ሙዚቃ መኖሩን አያውቅም ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሰውየው አንድ ፍላሽ ሙሉ ገልብጦ ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሙዚቃ አልፈለገም።

በተጋባን በሳምንቱ «እስቲ ስሚ» ብሎ ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ ከተተልኝ። ሰው ከነነፍሱ እየተቃጠለ መሰለኝ። ነቅዬ ወረወርኩትና ከቁርዓን አያተል ኩርሲን መቅራት ጀመርኩ። እሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«አብሽሪ! ጅን አይደሉም፤ እንግሊዞች ናቸው» አለኝ።

እሱ ይሳቅ እንጂ እኔ ለወራት ቤታችን ውስጥ የሆነ ነገር የገባ እየመሰለኝ በየጥጋጥጉ ቢስሚላህ እያልኩ ነው የተራመድኩት።

እንግሊዝኛ አይችልም። ዘፈኑ ምን እንደሚል አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም። የራስ ቅልና ቀንድ ያለበትን ሥዕል ሁሉ ከስልኩ ላይ አጥፍቶታል። የሚፈርደው በድምፅ ብቻ ነው፤ ወፍጮውንም የሚያውቀው በድምፁ ነው። ፍርዱን የሚሰማለት ሰው ደግሞ በዚህ ከተማ ውስጥ ከእኔ በቀር የለም። ስለዚህ ሳልወድ በግዴ የሄቪ ሜታል ሊቅ ሆኛለሁ።

በእሱ ፍርድ ከባንዶቹ የሁሉም አባት ብላክ ሳባዝ ነው። የሚወደው አለመቸኮላቸውን ነው። የጊታር መቺውን ታሪክ ያ የጉድጓድ ቆፋሪ ነግሮታል፤ ሰውየው በልጅነቱ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ፣ ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት፤ እሱ ግን ከፕላስቲክ የጣት ቆብ ሠርቶ መምታቱን ቀጠለ። «ማሽን የሚያውቅ ሰው እጅ ነው፤ ከድምፁ ይታወቃል» ይለኛል ሙንተሲር። እኔ ከዚህ ታሪክ የቀረኝ ማሽን ሰውን በመጨረሻው ቀንም እንደማይምር ብቻ ነው።

ሜታሊካን ለሁለት ይከፍላቸዋል። «መጀመሪያ ላይ ርቧቸው ነው የሚጫወቱት፤ በኋላ ጠገቡ። ፀጉራቸውን ሲቆረጡ ደግሞ ጭራሽ ባሰባቸው» ይላል። ይህን ሲናገር ከልቡ ይናደዳል። ሳያማክሩት ተቆርጠውበት ይሆናል። ስሌየርን «እህል ሳይጨመር ድንጋይ ማሽከርከር ነው፤ ጉልበት አለ፣ ዱቄት የለም» ይላቸዋል። ሞተርሄድን ግን ይወዳል። ዘፋኙ የናፍታ ሞተር ጠዋት አልነሳም ሲል የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው ያለው፤ ባሌ ይህን የሚለው ለሙገሳ ነው።

ከሁሉም የሚያስበልጣቸው ሁለት ነበሩ። ጁዳስ ፕሪስትን ለዘፋኙ ሲል። «ይወጣል፣ ይወጣል፣ አሁንስ ከዚህ በላይ ሰው አይሄድም ስትይ እንደገና ይወጣል» ይለኛል እጁን ወደ ጣሪያው እየዘረጋ። አይረን ሜይደንን ለጊታሮቹ ሲል። «አንዱ ከላይ ቀጭኑን ይይዛል፣ ሌላው ከሥር ይከተለዋል። መንዙማ ላይ አውጪና ተቀባይ አይደል የሚሉት? እንደዚያ ነው።»

«አስተግፊሩላህ በል!» እለዋለሁ።

አስተግፊሩላህ ይልና መልሶ ይከፍተዋል።

ይህ ፍርድ ለስድስት ዓመት ንቅንቅ አላለም። ከዛሬ ዓመት ተኩል በፊት ግን ምሳ እየበላን ሳለ ድንገት «ይሄ የጁዳስ ፕሪስት ሰውዬ ድምፁ ደከመ» አለኝ።

«አዲስ አወጡ እንዴ?»

«የለም፤ ያው የድሮው ነው።»

ሳቅሁበት። ከስንት ዓመት በፊት ተቀድቶ ፍላሽ ውስጥ የተቀመጠ ድምፅ እንዴት አድርጎ ነው የሚደክመው? እሱም ሳቀና ፍላሹ አርጅቶ ይሆናል አለ። እኔም ረሳሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተራው የአይረን ሜይደን ሆነ። ቀጭኑ ጊታር ጠፋ፣ የሥረኛው ብቻ ነው የቀረው፣ ሰነፎች ሆኑ አለ። የዚያን ጊዜ አልሳቅሁም። ከዚያ ቀን በቀን አንዱን ባንድ ከሌላው እያስከተለ ይጥል ጀመር። ይህ ደብዝዟል፤ ያ ታፍኗል። በመጨረሻ ከብላክ ሳባዝ በቀር የቀረ የለም፤ ከበሮና ወፍራም ድምፅ የበዛበት ብቻ ነው የተረፈው። ሰው ጣዕሙ ይለወጣል ብዬ ራሴን አባበልኩ። ፈሪ ሰው ራሱን ማባበል ያውቅበታል።

አንድ ቀን እማማ የሻረግ ወደ በረንዳዬ መጡ። እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ፣ የወፍጮ ቤቱ የዘወትር ደንበኛ ናቸው። አልተቀመጡም።

«ኢኽላስ፣ ባልሽን ምን አገኘው? ዱቄቴ ድንጋይ ይዟል።»

«ድንጋይ?»

«ደቃቅ ድንጋይ። ሰው ፊት ነው ያዋረደኝ። ሙንተሲር እኮ እንዲህ ያለ ልጅ አልነበረም።»

ነገሩ ለማያውቅ ቀላል ይመስላል። ወፍጮ ውስጥ እህሉ ሲያልቅ ሁለቱ ድንጋዮች እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ ቀጭን ፉጨት የመሰለ ድምፅ ያወጣሉ። ጎበዝ ፈጪ ያቺን ድምፅ ገና ስትጀምር ሰምቶ ድንጋዩን ያነሳዋል። ካልሰማት ድንጋዩ ራሱን እየፈጨ ዱቄቱ ውስጥ ይገባል። ሙንተሲር ስሙ የወጣው በዚህ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ ከአስፈጪዎቹ ጋር እየተቀላለደ እንኳ ድንጋዩ ከመንካቱ በፊት ይደርስበታል ይባልለት ነበር።

እማማ የሻረግ ከሄዱ በኋላ መስፋት አልቻልኩም።  ያን ቀን ስልኩን ቤት ረስቶት ወጥቶ ስለነበር በረንዳዬን ዘግቼ ገባሁና ማዳመጫውን በገዛ እጄ ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩት። በሕይወቴ የማልወደውን ነገር እንዲህ በጥንቃቄ አዳምጬ አላውቅም። የጁዳስ ፕሪስት ሰውዬ ጮኸ። አልደከመም። ጆሮዬን እስኪያመኝ ወጣ፣ እንደገናም ወጣ። አይረን ሜይደንን ከፈትኩ። ቀጭኑ ጊታር እዚያው ነበር፤ ከላይ፣ ጥርት ብሎ። ሁሉም እዚያው ነበሩ። ማዳመጫውን አውልቄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ማታ ሲገባ እራት ካቀረብኩ በኋላ ጠየቅሁት።

«ሙንተሲር፣ ጆሮህ እንዴት ነው?»

«ጆሮዬ ምን ሆነ?»

«ደሴ ሄደን ለሐኪም ብናሳየውስ?»

ተቆጣ። ተጋብተን ስንኖር ጮኾብኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ጮኸ። «ወፍጮ ቤት ውስጥ ‹ጆሮው ደክሟል› ከተባልኩ አበቃልኝ! የማይሰማ ሰው ማን እህሉን ይሰጣል? ሌላ ምን ሥራ አውቃለሁ? ንገሪኛ!» አለኝ። ራዊያ ደንግጣ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ነገሩን ትቼ እሷን አነሳሁ። የተውኩት አምኜው አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንደፈራሁ ዋልኩ። መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ በመኪናው በኩል እኔ ነኝ የምሄደው። አንድ ቀን ባጃጅ ከኋላው እየጮኸ መጥቶ ሊገጨው ሲል እጁን ጎትቼ አተረፍኩት፤ ሹፌሩ ምን የመሰለ ስድብ ተሳድቦ አለፈ። ሙንተሲር ስድቡን ሰምቶ ሳይሆን የሰውየውን ፊት አይቶ ተናደደ። ሰላምታ ለሚሰጡት ሴቶች እኔ ቀድሜ እመልስለታለሁ፤ ኩራት የተሰማው እንዳይመስላቸው። ይህን ሁሉ ሳደርግ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ረመዳን አልቆ ኢዱ ካለፈ በኋላ አዲስ ማዳመጫ ገዝቶ መጣ። «ለካ ጥፋቱ የዚህ የአሮጌው ኖሯል!» አለኝ፤ አሮጌውን እያወዛወዘ። ጆሮው ውስጥ ከተተውና ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያም እጁን ወደ ጣሪያው ዘረጋ። «ይወጣል፣ ይወጣል፣ አሁንስ ከዚህ በላይ ሰው አይሄድም ስትይ እንደገና ይወጣል!»

ከደስታዬ የተነሳ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አይረን ሜይደንም ተመለሰ። ቀጭኑ ጊታር ተገኘ። ሜታሊካም ዳግም በፀጉራቸው ተወቀሱ። ድንጋዩም ከዱቄቱ ውስጥ ጠፋ፤ እማማ የሻረግ ራሳቸው ባልሽ ተሻለው ብለውኛል። አንድ ቀን በወፍጮ ቤቱ በር ሳልፍ ሙንተሲር መዳፉን ወፍጮው የታሰረበት እንጨት ላይ ለጥፎ ቆሞ አየሁት። ደክሞት ተደግፎ ነው ብዬ አለፍኩ። ውዳሴው ከድሮው በአንዲት ቃል እንኳ አለመለየቱን አስተውያለሁ፤ ላስብበት ግን አልፈለግሁም። ለሁለት ወር ያህል ተንፈስ አልኩ። እንዴት ያለ ዕረፍት ነበር!

አሁን የማወራው ስለዚያ የገበያ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ የሥራ ልማድ መናገር አለብኝ። መብራት ሲኖር ወፍጮው በመብራት ይሠራል፤ ሲጠፋ የናፍታውን ሞተር ያስነሳሉ። ሞተሩንና ወፍጮውን የሚያገናኘው ረጅም ቺንጋ ሰፊ ቀበቶ ነው፤ አስፈጪዎቹ ከቆሙበት ሁለት እርምጃ ያህል ብቻ ነው የሚርቀው። ባለፉት ዓመታት የስንት ሴት ነጠላ በልቷል። ስለዚህ ሞተሩን የሚያስነሳ ሰው መጀመሪያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል። ጋሼ አስፋው ከሆኑ «በስመ አብ!» ይላሉ፤ ሙንተሲር ከሆነ «ቢስሚላህ!» ይላል። ቺንጋው አጠገብ ሰው ካለ ያየ ሰው «ቆይ!» ብሎ ይጮኻል። የጮኸ ከሌለ ያስነሳዋል። ማንም «እሺ» ወይም «አስነሳ» አይልም። ዝም ከተባለ ሂድ ማለት ነው። በዚህ ቤት ከድሮ ጀምሮ እንደዚህ ነው የሚሠራው፤ ስህተት አለበት ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ያን ቀን መብራት ጠፍቷል። ምሳውን ይዤ፣ ራዊያን በእጄ ጎትቼ ወፍጮ ቤት ገባሁ። ቤቱ በሴት ተሞልቷል፤ ጆንያው ግድግዳ ሙሉ ተደርድሯል። ሞተሩ ስላልተነሳ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ሙቀቱ ብቻ ነው ያለው። ሙንተሲር ጀርባውን ሰጥቶን ሞተሩ ላይ አጎንብሷል። የምሳ ዕቃውን ለማስቀመጥ የራዊያን እጅ ለቀቅሁ።

ወደ አባቷ ሮጠች። «አባ!» አለችው። ቤቱ ጸጥ ያለ ነበር፤ ሁላችንም ሰማናት። «አባ! አባ!» ቺንጋው አጠገብ ቆማ፣ ቢጫ ቀሚሷን ይዛ፣ ከጀርባው በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆና ነው የምትጠራው። አልዞረም። እማማ የሻረግ ዞረው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ያ ሁለት ወር ሙሉ የዘጋሁበት ፍርሃት ባንዴ ተመልሶ ገባ።

«ቢስሚላህ!» አለ ሙንተሲር።

«ቆይ!» አልኩ።

«ቆይ! ቆይ!» አሉ ሴቶቹ ሁሉ። ሃያ ሴት ያህል እንሆናለን። የቤቱ ቆርቆሮ እስኪሰነጠቅ ነው የጮኽነው።

ሙንተሲር እንደ ደንቡ ትንሽ ጠበቀ። አዳመጠ። አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ አይቼዋለሁ። ከዚያ የማስነሻውን ብረት ጨበጠና በሙሉ ጉልበቱ አዞረው።

ጆንያ ዘልዬ እንደሄድኩ አስታውሳለሁ፤ እንዳልደረስኩም አስታውሳለሁ። የደረሱት እማማ የሻረግ ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት እንደተወረወሩ አላውቅም፤ ልጄን ከብብቷ ሥር ይዘው ወደ ኋላ ሳቧት። የቀሚሷ ጫፍ ቺንጋው ውስጥ ገብቷል። ጨርቁ ተቀደደ። ራዊያና እማማ የሻረግ አብረው ጆንያው ላይ ወደቁ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተነስቶ ቺንጋው ፈጠነ፤ ቢጫዋ ቁራጭ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እየዞረች ታየች። ሙንተሲር መጀመሪያ ያየው እሷን ነው። ከዚያ ዞሮ የእኛን አፎች አየ። ሞተሩን አጠፋው።

ራዊያ ምንም አልሆነችም፤ አልሐምዱሊላህ። ክርኗ ብቻ ተፋቀ። እኔ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አቅፌ ያዝኳት። ሙንተሲር ፊቱ አመድ መስሏል።

«‹ቆይ› ያለ ሰው አልነበረም?» ብሎ ጠየቀ።

 አንዷ ሌላዋን ታያለች። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። በመጨረሻ እማማ የሻረግ ከወደቁበት ተነስተው፣ ዱቄታቸውን ሳያራግፉ መጡና ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«ሁላችንም ብለናል ልጄ» አሉት። አፋቸውን እያየ እንደሆነ ሲገባቸው ቀስ ብለው ደገሙለት። «ሁላችንም።»

የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በር ላይ ወደቆሙት ወደ ጋሼ አስፋው ሄደ። ጋሼ አስፋው ወፍራም የወንድ ድምፅ ነው ያላቸው፤ የሚሉት ሁሉ ይሰማው ስለነበር ለካ ምንም አልጠረጠሩም። «ነገ እንነጋገራለን፣ አሁን ግባ፤ ልጅህን ይዘህ ግባ» አሉት። ቁልፉን በእጃቸው ላይ አኖረውና ወጣ።

ቤት እንደገባን ቀሚሷን ቀየርኩላት። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ፤ ሰግደን ግቢው ውስጥ ጥላው ላይ ተቀመጥን። ራዊያ የሆነውን ሁሉ ረስታ ከዶሮዎቹ ጋር ትጫወታለች። ጎኑ ተጠግቼ አፌን ጆሮው ላይ አደረግሁ፤ ሳልጮህ፣ ድምፄን ወፍራም አድርጌ ነው የተናገርኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ማዳመጫውን ከኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። 

«ድምፁ ደከመ ያልኩሽ ጊዜ የምሬን ነበር» አለ። «የደከመው እሱ መስሎኝ ነበር ወላሂ። እኔ መሆኔን ያወቅሁት ረመዳን ላይ ነው። መስጊድ ውስጥ ልጆች ቁርዓን ሲቀሩ ከንፈራቸው ብቻ ይነቃነቃል።»

«ታዲያ ያ አዲሱ ማዳመጫ? ያ ሁሉ ውዳሴ?»

«በቃሌ ነው የምለው። ከበሮውና ወፍራሙ ይሰማኛል፤ ቀጭኑን እኔ እሞላዋለሁ። ስንት ዓመት የሰማሁት ነው፤ የቱ ጋ እንደሚገባ፣ የቱ ጋ እንደሚወጣ አውቀዋለሁ። ወፍጮውንም በእጄ እየዳሰስኩ እንደዚሁ ነበር የምሞላው። ዛሬም ‹ቆይ› ያለ የለም ብዬ ሞላሁት።» መዳፉን ገልብጦ አየው። «ፈርቼ ነው ኢኽላስ። ብነግርሽ እውነት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ።»

በዚህ ቤት ውስጥ ፈሪዋ እኔ ብቻ ነበርኩ የሚመስለኝ።  ደሴ እንሄዳለን፣ መሣሪያ አለ ይባላል፣ እኔም መስፋቴን አልተውኩም፣ ጋሼ አስፋውም ጨካኝ ሰው አይደሉም፤ የመጣልኝን ሁሉ አከታትዬ በጆሮው ነገርኩት። እየሰማኝ አልነበረም፤ ዓይኑ ራዊያ ላይ ነው። ዶሮዋን ትቆጣለች፣ ትለምናለች፣ ትዘፍንላታለች፤ አፏ አይከደንም።

«የአንችን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ከንፈርሽ ሲነቃነቅ ከድሮው አምጥቼ እገጥመዋለሁ። የእሷን ግን ከየት ላምጣው? አፏን ስትፈታ የእኔ ጆሮ ሄዶ ነበር። ልጄን ስታወራ አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም።» ከዚያ ዞሮ ፊቴን አየኝ። «እስቲ ንገሪኝ፤ ድምፅዋ ምን ዓይነት ነው?»

ራዊያ ከነቃችበት እስክትተኛ ትለፈልፋለች፤ እኔም ከነቃችበት እስክትተኛ «ዝም በይ» ስላት ነው የምውለው። አፌን ከፈትኩ። ሙንተሲር ዓይኑን ከከንፈሬ ላይ ሳይነቅል ይጠብቃል። እኔም አንድ ቀን አዳምጫት አላውቅም።